«ልብስ ማጠብ ትችያለሽ?»

ጸበል ቦታ ያሉ ታማሚዎችን ከሚያገለግለው ማኅበራችን ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እንጦጦ የወጣሁት በ2000 ዓ.ም. ጥቅምት ውስጥ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ከስድስት ኪሎ እስከ ሽሮ ሜዳ በታክሲ ሄድን፤ ከዚያ ወዲያ በእግር። እትዬ ፊት ፊት ይሄዳሉ። እትዬ የምንላቸው የቡድናችን መሪ ናቸው። ያኔ ሃምሳን ያለፉ፣ ጡረታ የወጡ ነርስ ነበሩ። እኔ በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለሁ የሒሳብ ሠራተኛ ከኋላ አለከልካለሁ። እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች እያዩኝ ይስቃሉ። ባዶ እጇን የምታለከልክ ሰው ብርቅ ሆናባቸው ይሆናል።

የገባንበት ክፍል ከአንድ ፍራሽ ብዙም አይሰፋም። የጭቃ ቤት ነው፤ ለጸበልተኛ የሚከራይ። ፍራሹ ላይ እኩያዬ የምትሆን ሴት ተኝታለች። ከወገቧ በታች ቆስላለች። ሽታውን አልገልጸውም። ቆሜ አለቀስኩ። «ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም» ይባል የለ? እኔም አልገደደኝም፤ ዝርግፍ ነው ያልኩት። እትዬ ጓንታቸውን እያጠለቁ ዞር ብለው አዩኝ።

«ስትጨርሺ ንገሪኝ። ልብስ ማጠብ ትችያለሽ?»

እችላለሁ አልኩ። በጀሪካን ውሃ ተቀዳልኝና ውጭ ቁጭ ብዬ ሁለት አንሶላ፣ አንድ ጋቢ እና የማላስታውሰው ብዛት ያለው ጨርቅ አጠብኩ። በረኪናው እጄን አቃጠለኝ፣ ውሃው አጥንት ይሰብራል። የእንጦጦ ጠዋት ታውቁታላችሁ። እዚያ ቁጭ ብዬ ሳሽ ግን እንባዬ መቆሙን አላወቅሁም ነበር። ሴትዮዋ የደረቀ አንሶላ ላይ ተኝታ ስትመለከተኝ ነው ትዝ ያለኝ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ከዚህ ማኅበር ጋር ቆይቻለሁ። ይህን የምጽፈው ከየሰንበት ትምህርት ቤቱ ልጆች እየመጡ «እኔም ልግባ? ምን ይጠይቃል?» ስለሚሉኝ ነው። የማኅበሩንም የሰዎቹንም ስም አልጽፍም። የታመመ ሰው ምሥጢር የእኔ አይደለምና።

ማኅበሩ ትልቅ ነገር አይደለም። በአንድ ደብር ሰንበት ትምህርት ቤት የተማሩ ልጆች «ታምሜ ጠይቃችሁኛል» የሚለውን ቃል ይዘው የጀመሩት ነው። ስገባ አሥራ አራት ነበርን። በወር ሃያ ሃያ ብር እናዋጣ ነበር፤ አሁን ሁለት መቶ ደርሷል። የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ 621/2001 በወጣ ጊዜ «ተመዝገቡ ወይም ተበተኑ» የሚል ወሬ በዝቶ ሁላችንም ደንግጠን ነበር። በመጨረሻ በደብሩ ሰበካ ጉባኤ ሥር ሆነን ቀጠልን። በ2011 አዋጁ በአዋጅ 1113 ሲተካ የሚያውቁን ሰዎች «አሁን ድርጅት ሁኑ» አሉን። አልሆንንም። ድርጅት ስትሆን ቢሮ ይመጣል፣ ቢሮ ሲመጣ ደግሞ ቢሮውን የሚጠብቅ ሰው ይመጣል። ይሄ የእኔ አስተያየት ነው፤ እትዬ በዚህ አይስማሙም።

ሰው ለማገልገል ሲመጣ መጀመሪያ የሚይዘው ስሜት ነው። አልነቅፍም፤ እኔም በእሱ ነው የመጣሁት። ለገና፣ ለፋሲካ፣ በጾመ ፍልሰታ ሰው ይጎርፋል። ብርቱካንና ብስኩት ይዞ ይመጣል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ ስልኩንም አውጥቶ ነው የሚመጣው። አንድ የገና ሰሞን አንድ ቡድን መጥቶ አዛውንቱን ብርቱካን እያስያዘ ሲቀርጽ ነበር። ሲሄዱ አዛውንቱ ጠሩኝና «ልጄ፣ ምን አጥፍቼ ነው የሚቀርጹኝ?» አሉኝ። የምመልሰው አልነበረኝም። እኛ ጋ ፎቶ አይነሳም። ለዘመድ ለመላክ ታማሚው ራሱ «አንሱኝ» ካለ ብቻ ነው። አንድ ማኅበር ልትገቡ ስታስቡ ገጹን ከፍታችሁ እዩ። የታማሚ ፊት ሞልቶ ካያችሁ ቆም ብላችሁ አስቡ።

በጥር ወር ያ ሁሉ ሰው የለም። አንሶላው ግን አለ።

ስለ ቁስል ትንሽ ልናገር፤ ጠቃሚ ነውና። ተኝቶ የሚውል ሰው መቀመጫው፣ ዳሌው፣ ተረከዙ ላይ ይቆስላል። ቁስሉ ከመከፈቱ በፊት ምልክት ይሰጣል። ጠየም ባለ ገላ ላይ ቀላ ብሎ ላይታይ ይችላል፤ ጠቆር ብሎ፣ ሲነካ ሞቅ ወይም ጠጠር ብሎ ነው የሚገኘው። በጣት ስትጫኑት መልኩ ካልፈዘዘ፣ እንዳለ ከቆየ፣ ቁስሉ እየመጣ ነው። መድኃኒቱ ማገላበጥ ነው፤ በየሁለት ሰዓቱ። ለተከፈተው ደግሞ ተፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ጨው በጥብጦ ማጠብ። አልኮል ማፍሰስ የለም። «ያቃጥላል፣ ስለዚህ ይሠራል» የሚል እምነት አለ፤ ገላውን ነው የሚጎዳው። ቁስሉ ከጠለቀ ወይም ከሸተተ ደግሞ የጤና ባለሙያ ነው የሚያየው፣ እኔና እናንተ አይደለንም።

እሺ፣ በየሁለት ሰዓቱ። እኛ የምንመጣው በሳምንት አንድ ቀን ነው። ታዲያ ማን ያገላብጣት? ይህን ጥያቄ የጠየቅሁት በሁለተኛው ቅዳሜ ነው። እትዬ ጎረቤት ያለውን በር አንኳኩ። ራሷ ለጸበል የመጣች፣ ዓይኗ በደንብ የማያይ ሴት ወጣች። እትዬ እጇን ይዘው አስገቧትና ትከሻዋን እንዴት እንደምትይዝ፣ ጉልበቷን እንዴት እንደምታጥፍ፣ በእግሮቿ መካከል የታጠፈ ጋቢ እንዴት እንደምታስገባ አሳዩአት። ሰዓት አልነበራትም። «ለጸሎት ስነሳ፣ ቡና ሳፈላ፣ ከቡና በኋላ፣ ምሳ ስበላ…» እያለች በጣቷ ቆጠረች። እንደ ቆጠረችውም አደረገች። ቁስሉ ሲጠብ በዓይኔ አይቻለሁ። ታማሚዋ በታኅሣሥ አረፈች፤ በሽታዋ ሌላ ነበርና። ግን ደረቅ ሆና፣ ሳትሸት፣ ጎረቤቷ እጇን ይዛት ነው ያረፈችው።

ከዚያ ወዲህ አንድ ቤት ስገባ መጀመሪያ የማየው ታማሚውን አይደለም፤ በአጠገቡ ያለውን በር ነው። ሳሙና ለታማሚው ከሰጣችሁ ለጎረቤቱም ስጡ። ጎረቤቱ ራሱ ታማሚ ቢሆንም፣ እንዲያውም ስለሆነ።

የኤችአይቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። እኔ ስጀምር ገና አዲስ ነበር ማለት ነው። ጸበል ቦታ ደግሞ ትልቅ ክርክር ነበር። መድኃኒት የያዘ ሰው «እምነት ጎደለህ» ይባላል። ጸበል የገባ ሰው ክኒኑን ይደብቃል ወይም ይጥላል። በ1999 ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናገሩ። ይህ ለእኛ ሥራ እንዴት እንደጠቀመን! ያም ሆኖ ወሬው በአንድ ቀን አልጠፋም። እኛ የተማርነው ነገር አለ፤ ጸበል ቦታ ላይ ከማንም ጋር አትከራከር። የንስሐ አባቱን ፈልገህ አምጣ። አባ መጥተው «ልጄ፣ ክኒኑን በጸበሉ ዋጠው» ሲሉ የእኛ የአንድ ወር ምክር የማያደርገውን በአንድ አረፍተ ነገር ያደርጉታል። ብዙዎቹም እንደዚያ ነው የሚውጡት፤ ጀሪካኑ ከራስጌያቸው፣ ክኒኑ ከትራሳቸው ሥር።

በ2007 የሆነ ልጅ ትዝ ይለኛል። ከወሎ ነው የመጣ። ሲያስል ይታጠፋል። «መተት ነው» ብለው ነው ያመጡት። በግድ ጤና ጣቢያ ወሰድነው። የቲቢ መድኃኒቱ በነጻ ነው፤ ራጁና ሌላው ምርመራ ግን ገንዘብ ይጠይቃል። የነጻ ሕክምና ወረቀት ለማግኘት ደግሞ የአዲስ አበባ መታወቂያ ያስፈልግ ነበር። እሱ የያዘው የገጠር ቀበሌ መታወቂያ ነው፤ እሱም ጊዜው አልፏል። ሦስት ቢሮ ዞርን። አንዱ ጋ «ከመጣበት ይዞ ይምጣ» አሉን። ልጁ ቆሞ መሄድ አይችልም፤ ወሎ ሂድ ይሉታል። መጨረሻ ላይ ራጁን ከማኅበሩ ከፈልን፤ መሸኛው ደግሞ በአጎቱ በኩል ከአንድ ወር በኋላ መጣ።

መድኃኒቱን ሲጀምር አድራሻና ተጠሪ ይጠየቃል። መጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት በየቀኑ እየሄደ ባለሙያ ፊት ነው የሚውጠው። ጠቅላላው ስድስት ወር ነው። ተጠሪ ብዬ ስልኬን አስመዘገብኩ። በሁለተኛው ሳምንት ስልኬ ጠራ፤ «ልጁ ቀርቷል።» ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ ወጣሁ። ልጁ ተሸፋፍኖ ተኝቷል። ፊቱን አዙሮ «ደም እየሸናሁ ነው» አለኝ። ጎረቤቶቹ ደግሞ በሁለት ተከፍለዋል። ግማሹ «መድኃኒቱ ኩላሊቱን በጠሰው» ይላል። ግማሹ «ደዌው እየወጣ ነው፤ ተመስገን!» ይላል።

ለእትዬ ደወልኩ። ሳቁ። ሪፋምፒሲን የሚባለው መድኃኒት ሽንትን፣ ላብን፣ እንባን ሳይቀር ብርቱካንማ ቀይ ያደርጋል። ቀለሙ ጉዳት የለውም። ይህን አንድ ሰው በመጀመሪያው ቀን ቢነግረው ኖሮ ልጁ አይቀርም ነበር። ማን መንገር ነበረበት? ባለሙያዋ ወረፋ በዝቶባታል። እኔም አጠገቡ ቆሜ ነበር፣ አልጠየቅሁም። አሁን ለማንም አዲስ የቲቢ ታማሚ መጀመሪያ የምነግረው የሽንቱን ቀለም ነው። በነሐሴ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። ፍልሰታን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ አለ። ባዶ ሆድ ላይ መድኃኒቱ ያስመልሰዋል። አባን ጠራን። አባ ተቆጡት፤ «አንተ በሽታህን ጹም፣ እህሉን ብላ!» አጥሚት ጠጣ። ስድስት ወሩን ጨርሶ ወደ አገሩ ተመለሰ።

አሁን ወደማልወደው ታሪክ ልምጣ።

እማማ የምንላቸው አንዲት የመንዝ ሴት ነበሩ። ለእግራቸው ነው ጸበል የመጡት። ሦስት ዓመት ያህል እንጦጦ ኖረዋል። ጥሩ ቡና ያፈላሉ። እኔን በተለይ ይወዱኝ ነበር። አንድ ቅዳሜ «አገሬን ሳላይ መሞቴ ነው» አሉ። እኔም አፌ ቀደመኝና «የሐዋርያት ጾም ሲፈታ፣ ሐምሌ አምስት ቀን፣ እኔ ራሴ አደርስዎታለሁ» አልኩ። እጄን ይዘው ሳሙኝ። መረቁኝ። ደስ ብሎኝ ወረድኩ።

የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ አላልኳችሁም? የበጀት ዓመት የሚዘጋው ሰኔ 30 ነው። ሐምሌ መጀመሪያ ላይ የሒሳብ ሠራተኛ ቤቱንም አያይም። ይህን ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው የለም። ግን ቃል ስገባ አልታሰበኝም። ሐምሌ አምስት ቀን ሒሳብ መዝጊያ ላይ ተቀርቅሬ ዋልኩ። ለጎረቤታቸው ስልክ መደወል እንኳን አልደወልኩም። ነገ እደውላለሁ፣ ነገ እደውላለሁ ስል ሳምንት አለፈ።

በቀጣዩ ቅዳሜ ስሄድ ጎረቤታቸው ነገረችኝ። እማማ በዚያ ቀን ከንጋቱ ጀምሮ ነጭ ነጠላቸውን ለብሰው በራቸው ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር። ዝናብ ሲመጣ ይገባሉ፣ ሲያባራ ይወጣሉ። ዘንቢላቸው አጠገባቸው ነው። ለልጅ ልጆቻቸው የገዙት ከረሜላ ነበረበት። እስኪመሽ ተቀመጡ።

ገባሁ። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። «መጣሽ? ደህና ነሽ ልጄ? ታመምሽ ብዬ ስንት ቀን ለአንቺ ጸበል ጠጣሁ» አሉኝ። ከረሜላውን አውጥተው ሰጡኝ። እርጥበት ገብቶት ከወረቀቱ ጋር ተጣብቋል። በላሁት። ምን ላድርግ?

እትዬ ከመስቀል በኋላ ከላምበረት አሳፍረው ራሳቸው አደረሷቸው። እኔ አልሄድኩም፤ አልጠሩኝምም። በመካከሉ በነበሩት ሁለት ወራት ግን አንድ ነገር አስተዋልኩ። እማማ ቡናውን እንደ ድሮው ያፈሉልኛል፣ ይመርቁኛል። የሚያስፈልጋቸውን ነገር ግን ለእኔ መንገር ትተዋል። ሳሙና ሲያልቅባቸው ለሌላዋ እኅት ነው የሚነግሩት። እግራቸው ሌሊት ሲያማቸው እንደሚያድር ከሌላ ሰው ነው የሰማሁት።

ስለዚህ ለሚጠይቁኝ ልጆች የምለው ይሄንኑ ነው። ትንሽ ቃል ግቡ። «በወር አንድ ቅዳሜ እመጣለሁ» በሉና ያችን ቅዳሜ አትሳቱ። በየሳምንቱ እመጣለሁ ብሎ ሁለቴ ከቀረ ሰው ይልቅ፣ በወር አንዴ የሚመጣውን ታማሚው ያምነዋል። «አሳክምሃለሁ»፣ «ቤት እፈልግልሃለሁ»፣ «ወደ አገርህ እወስድሃለሁ» የሚሉ ቃላት ከአፋችሁ ከመውጣታቸው በፊት ለቡድኑ ንገሩ። ቡድኑ ከተስማማ ቡድኑ ይንገረው። የአንድ ሰው ልብ ሞቅታ ቃል መግባት የለበትም። መቅረቱ የማይቀር ከሆነ ደግሞ ስልክ አለ። ሁለት ብር የማይሞላ ጥሪ ነበር።

ገንዘብ በግል ለታማሚ አለመስጠት የእኛ ደንብ ነው። ጨካኝ ይመስላል። እኔም መጀመሪያ ደብቄ እሰጥ ነበር። ውጤቱ ምን ሆነ? እኔ የምሰጣት ልጅ የእኔን ቀን ትጠብቃለች፣ የማይሰጠው ወንድም ሲመጣ ፊቷን ታዞራለች። አሁን ሁሉም በማኅበሩ በኩል ነው። ሒሳቡን የያዝኩት እኔ ነኝ። ባንክ ላይ ሦስት ፈራሚ አለ፣ ደረሰኝ አለ። አንድ ማኅበር ስትገቡ ደረሰኝ ለማየት ጠይቁ። ጥያቄው የሚያስቀይመው ማኅበር ከሆነ መልሱን አገኛችሁ ማለት ነው።

ሌላው፣ ወንድ ታማሚን ወንድ ያጥባል፣ ሴትን ሴት። ሁልጊዜ ሁለት ሁለት ሆኖ ነው የሚኬደው። አዲስ ታማሚ ቤት ስንገባ በመጀመሪያው ቀን ሦስት ነገር እንጠይቃለን፤ ስሙን ከነአባቱና ከነአገሩ፣ የአንድ ዘመድ ስልክ፣ የንስሐ አባቱን። ሦስተኛውን የተማርነው በመከራ ነው። አንድ ሰው ሲያርፍ ለቀብር መጀመሪያ የተጠየቅነው «የንስሐ አባቱ ማን ናቸው?» የሚል ነበር። ማንም አያውቅም። ሬሳ ይዘን ግማሽ ቀን ዞርን። የዘመድ ስልክ ስላልነበረን ወንድሙ የሰማው ከአርባው በኋላ ነው። መጥቶ ክፍሉን አየ። ግድግዳው ላይ የወንድሙ ካፖርት ተሰቅሎ ነበር። ለብሶት ወጣ።

በ2005 እኔም ተበላሸሁ። በአንድ ክረምት ሦስት ሰው ቀበርን። ስልክ ሲጠራ ሆዴ ይገለባበጣል። ቤት ውስጥ እናቴን ያለ ምክንያት እጮህባታለሁ። ለማንም ሳልናገር ቀረሁ፤ አራት ወር። ማታ ማታ ስተኛ የማልሄድባቸው ቤቶች ይታዩኛል፤ እንቅልፍም አልሰጡኝ። እትዬ አንድ ጊዜ ብቻ ደወሉ። ለምን ቀረሽ አላሉኝም። «የዓመቱ ሒሳብ ተደበላልቆብናል። ቤትሽ ሆነሽ ሥሪልን» አሉ። ደረሰኙን በፌስታል አድርገው ላኩልኝ። ሠራሁት። ሒሳቡን ሳስረክብ ጊዜ «ቅዳሜ ትመጫለሽ?» ሳይባል መጣሁ። የደከመው ሰው ሥራውን ይቀንስ እንጂ አይጥፋ። ሒሳብ አለ፣ በረኪና መግዛት አለ፣ ወረዳ ወረቀት ማስጨረስ አለ። ታማሚ ሳይነኩ የሚሠራ ብዙ ነው።

ካገባሁ በኋላ ባለቤቴ አንድ ቀን «ቅዳሜ ለታማሚ፣ እሑድ ለቤተ ክርስቲያን፣ እኔስ ልታመም?» አለኝ። ቀልዱ ነው፤ ግማሹ ግን ቀልድ አልነበረም። የወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ የቤቴ ሆነች። ማኅበሩ አልፈረሰም።

መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ ሲነገር ወደ ላይ መውጣት አቆምን። የእኛ ሰዎች ሳንባቸው የተጎዳ ነው፤ እኛ ራሳችን ልንገድላቸው እንችላለን። ለብዙዎቹ የሦስትና የስድስት ወር የኤችአይቪ መድኃኒት በአንዴ ስለሚሰጣቸው በዚያ በኩል ተርፈናል። ምስርና ዘይቱን በር ላይ አስቀምጠን እንመለሳለን። የቀረውን በስልክ። እዚህ ላይ ነው ያ ዓይኗ የማያይ ጎረቤት ዓይነት ሰው ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ። በየግቢው ያስተማርናቸው ታማሚዎች እርስ በርሳቸው ሲተያዩ ከረሙ። ስንመለስ ከፈራነው ያነሰ ቁስል ነው ያገኘነው። ትንሽ አፈርኩ፣ ትንሽ ኮራሁ።

እትዬ አሁን ጉልበታቸው ዳገት አይወጣም። ሽሮ ሜዳ ታክሲ መያዣው ጋ ቁጭ ብለው ጓንት ይቆጥሩልናል። አንድም ከጎደለ ያውቁታል።

መምጣት የምትፈልጉ በደብራችሁ ሰንበት ትምህርት ቤት ጠይቁ። እንጦጦ መሆኑ ግዴታ አይደለም፤ ጸበል ባለበት ሁሉ ተኝቶ የሚውል ሰው አለ። ለመጀመሪያው ቀን ብርቱካን አትግዙ። የሚያስፈልገው በረኪና፣ የልብስ ሳሙና፣ ጓንት፣ ቫዝሊንና ያረጀ ግን ንጹሕ አንሶላ ነው። ያረጀ አንሶላ ቶሎ ይደርቃል፣ ለገላም ለስላሳ ነው። ክረምት ከሆነ ደግሞ የላስቲክ ቦት ጫማ አድርጉ። ዳገቱ ጭቃ ነው፣ ጀሪካን ይዞ መውረዱ ከመውጣቱ ይከፋል።